አዲስ አበባ 13 ሺህ ሜትር ላይ፦ «የባይት ቅደም ተከተል ያረጀ ጉዳይ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንተን የሚነካ ነገር ነው» ብሎ የላከልኝን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በፕሮግራም ሥራ ብዙ ዓመት እንደቆዩ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ቋንቋቸው ጥርት ያለ ነው፣ የሚሉትንም አያድበሰብሱም። መደምደሚያቸው ግን አልተዋጠልኝም። በአጭሩ ይህን ይላሉ፦ የባይት ቅደም ተከተል ልዩነት የድሮ ኮምፒውተሮች ጣጣ ነበር፤ ዛሬ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አብቅቶለታል። ምናልባት ቢያጋጥም ስህተቱ ወዲያው በዓይን ይታያል፤ መፍትሔውም ፕሮግራሙ ሲነሣ ማሽኑ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አጣርቶ ባይቶቹን መገልበጥ ነው። ለፍጥነት ሲባል ዳታን ከሜሞሪ እንዳለ ወደ ፋይል መጻፍን ይመክራሉ፤ የፋይሉ ራስ ላይ ምልክት ማኖር በቂ ነው ይላሉ። ጽሑፍ ደግሞ ዩኒኮድ ከመጣ ወዲህ ከዚህ ሁሉ ነጻ ወጥቷል ባይ ናቸው።

የእኔ እንጀራ የመሬት ከፍታ ዳታ ነው። የወንዝ ተፋሰስ ለመለየት፣ መንገድ ለመቀየስ፣ ጎርፍ የሚተኛበትን ሜዳ ለማወቅ የሚያገለግሉ የቁጥር ፋይሎችን ከዚህ ማሽን ወደዚያ ሳመላልስ እውላለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ አንባቢ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አንድ ባይት ከ255 የበለጠ ቁጥር ስለማይይዝ 2355 በሁለት ባይት ይቀመጣል፦ 9 እና 51። ዘጠኙ በ256 ይባዛል፣ 51 ይደመርበታል፣ 2355 ይሆናል። ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው ይቅደም የሚለው ብቻ ነው። በ256 የሚባዛውን፣ ማለትም ክብደት ያለውን ባይት የሚያስቀድመው አሠራር ቢግ ኤንዲያን ይባላል፤ ቀላሉን የሚያስቀድመው ሊትል ኤንዲያን። እኔ ከዚህ በኋላ «ከባዱን አስቀዳሚ» እና «ቀላሉን አስቀዳሚ» እላቸዋለሁ። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ልማድ ካነበበው 51 በ256 ይባዛና 9 ይደመርበታል፤ አዲስ አበባ 13065 ሜትር ላይ ትወጣለች። ኤቨረስትን ቁልቁል እያየች ማለት ነው።

ቢግና ሊትል ኤንዲያን የሚሉትን ስሞች ወደ ኮምፒውተር ዓለም ያመጣቸው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዳኒ ኮኸን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1980 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጆናታን ስዊፍት በጉሊቨር ታሪክ ውስጥ እንቁላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር በሚል የሚያዋጋቸውን ሰዎች ጠቅሶ በመሐንዲሶች ጠብ አሾፈበት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ቀልዱን ጠቅሰው፣ ጠቡም ቀልድ የነበረ ይመስል ያልፉታል። የኮኸን ጽሑፍ ግን ልመና ነበር፤ ከሁለቱ የትኛውም ይመረጥ፣ ዋናው መስማማቱ ነው የሚል። ያ ልመና ማሽኖቹን ሳይሆን ሰዎቹን የሚመለከት መሆኑን ያዙልኝ፤ ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው እዚያ ላይ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ማሽኖች ሁሉ አንድ ሆነዋል ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። የጠረጴዛው ኮምፒውተር፣ የኪሱ ስልክ፣ በኪራይ የሚሠራው ሰርቨር በአብዛኛው ቀላሉን አስቀዳሚ ናቸው። ኢንቴል በ1978 በ8086 የሄደበትን መንገድ አልለቀቀም፤ የአርም ፕሮሰሰሮች በሁለቱም መሥራት ቢችሉ እንኳ በተግባር ቀላሉን ያስቀድማሉ። የአፕል ማኪንቶሽ ከ1984 ጀምሮ ከባዱን ሲያስቀድም ኖሮ በ2006 ወደ ኢንቴል ሲዞር ያ ሰፈር ጭር አለ። ጭር አለ እንጂ ባዶ አልቀረም። አይቢኤም በ1964 ያስተዋወቀው የሲስተም 360 ዘር የሆኑት ትላልቆቹ ዜድ ማሽኖች ዛሬም ከባዱን ያስቀድማሉ፤ በፓወር ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራው፣ ኤአይኤክስ የተባለው የአይቢኤም ሥርዓተ ክወናም እንደዚያው። የባንክ ሒሳብ የሚያንቀሳቅሱ ማሽኖችን «የሉም» ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ይሁንና እነዚህም ነገ ተነቅለው ይጣሉ እንበል። ጸሐፊው የሳቱት ነገር ያኔም ባለበት ይቆማል፤ ፋይል ከማሽን በላይ ዕድሜ አለው። እኔ በየቀኑ የምከፍተው የከፍታ ዳታ በፌብሩዋሪ 2000 ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ በራዳር የለካችው ነው። ናሳ ያንን ዳታ ሲያሠራጭ እያንዳንዱን ከፍታ በሁለት ባይት፣ ከባዱን አስቀድሞ ጻፈው። ያኔ የነበሩት ማሽኖች ዛሬ ከየቢሮው ወጥተዋል፤ ፋይሎቹ ግን አንድ ባይት ሳይለወጡ አሁንም እየወረዱ ይሠራባቸዋል። ላፕቶፔ ቀላሉን አስቀዳሚ ነው፣ የጎረቤቴም ላፕቶፕ ቀላሉን አስቀዳሚ ነው፤ ሁለታችንም ያንን ፋይል እንደ ልማዳችን ካነበብነው ሁለታችንም እኩል እንሳሳታለን። የማሽኖቻችን መመሳሰል ምን ጠቀመን?

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በዚያው ላፕቶፕ ላይ የፒኤንጂ ምስል ከባዱን ያስቀድማል፣ የቢኤምፒ ምስል ቀላሉን። የዌቭ ድምፅ ፋይልና የዚፕ ጥቅል ቀላሉን፤ በኢንተርኔት የሚጓዘው እሽግ አድራሻው የተጻፈበት ራስጌ ከባዱን። የጃቫ ፕሮግራም ቁጥር ወደ ፋይል ሲጽፍ፣ ከሥሩ ያለው ፕሮሰሰር ምንም ይሁን ምን፣ ካልነገሩት በቀር ከባዱን ያስቀድማል። ማሽኖቹ ተስማምተዋል ማለትና ፋይሎቹ ተስማምተዋል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ቅደም ተከተሎች ሁለት ብቻ ናቸው የሚለው የጎን አባባላቸውም ትክክል አይደለም። በ1970 የወጣው ፒዲፒ 11 የተባለው ኮምፒውተር አራት ባይት ያለውን ቁጥር ሲያስቀምጥ 12 34 56 78 የነበረውን 34 12 78 56 አድርጎ ነው፤ መሐል ሰፋሪ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ነው፣ አልፈዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ስህተቱ ወዲያው በዓይን ይታያል የሚለው፣ ከሁሉ ያሳሰበኝ እርሱ ነው። አዲስ አበባ 13 ሺህ ሜትር ስትወጣ በእርግጥ ይታያል። ራስ ዳሸንም 4550 ሜትር ነው ብንል፣ ባይቶቹ 17 እና 198 ናቸው፤ ሲገለበጡ 50705 ይሆናል፤ በሁለት ባይት ከዜሮ በታች ያለውም ስለሚጻፍ ከ32767 የሚበልጠው 65536 ተቀንሶለት ይነበባል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ አሉታዊ ጎን ያልፍና ተራራው ከባሕር ጠለል በታች 14831 ሜትር ይሰምጣል። ይህንን ያላየ ዓይኑን ይታከም። ነገር ግን ሁሉም ቁጥር እንዲህ አይጮህም።

2313 ሜትርን እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የቆመ ቤት ሞልቷል። ባይቶቹ 9 እና 9 ናቸው፤ ቢገለበጡም ባይገለበጡም 2313 ነው። አንድ ፕሮግራመር ኮዱን በዚያች ነጥብ ላይ ፈትሾ «ትክክል ነው» ብሎ ቢፈርም አይፈረድበትም። ዜሮም እንዲሁ ቢገለበጥ ዜሮ ነው። ይህ ነገር 04/07 ተብሎ የተጻፈ ቀንን ይመስላል፤ አሜሪካ ያለው ዘመድ ኤፕሪል 7 ብሎ ያነበዋል፣ አውሮፓ ያለው ጁላይ 4፤ ሁለቱም ያለ አንዳች ጥርጣሬ። ስህተቱ የሚጋለጠው ከ12 የሚበልጥ ቀን ሲመጣ ነው፣ 04/04 ላይ ደግሞ ጭራሽ ስህተት የለም።

ከዚህ የከፋው ባዶ ነጥብ ነው። ራዳር ከጎን ስለሚያይ ገደል የጋረደውን አያገኝም፤ የሰሜን ተራሮችን የመሰለ ገደላማ ስፍራ ላይ በመጀመሪያው ዳታ ውስጥ ያልተለኩ ነጥቦች አሉ። ናሳ እነዚህን −32768 በሚል ቁጥር ሞላቸው፤ «እዚህ ምንም የለም» ለማለት። ባይቶቹ 128 እና 0 ናቸው። ገልብጡት፤ 0 እና 128 ይሆናል፣ ማለትም 128 ሜትር። ጉድጓድ የነበረው ቦታ ጨዋ የሆነ፣ ማንም የማይጠረጥረው፣ ከዜሮ በላይ የሆነ ከፍታ አገኘ። የተገላቢጦሹም አለ፤ አፋር ውስጥ በእውነት 128 ሜትር ላይ ያለ መሬት በተገለበጠ ንባብ −32768 ይሆንና «ያልተለካ» ተብሎ ይጣላል።

ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ባልደረባዬ የእነዚያን የሰሜን ተራሮች አማካይ ከፍታ አስልቶ አመጣልኝ። ካርታው ያምራል፣ ሸንተረሩ ሸንተረር፣ ሸለቆው ሸለቆ ነው። አማካዩ ግን ከማውቀው በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሏል። ኮዱን ቁጭ ብለን መስመር በመስመር አየነው። ባይቶቹን መገልበጡን አልረሳም፤ ነገር ግን ከመገልበጡ በፊት ባዶ ነጥቦችን ለማስወገድ −32768ን ፈልጓል። ባልተገለበጠው ዳታ ውስጥ ባዶዎቹ 128 ሆነው ስለነበር አንዱንም አላገኘም። ከዚያ ሲገለበጡ −32768ነታቸውን መልሰው ያዙና ገብተው ከእውነተኞቹ ጋር ተደመሩ። ሒሳቡን ለማየት፣ አማካዩ 2500 ሜትር በሆነ ቦታ ከመቶ ነጥብ አንዷ እንዲህ ብትገባ አማካዩ በ350 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስህተቱ ያለው በሁለት መስመሮች መቀያየር ውስጥ ነው፤ ካርታውን መቶ ጊዜ ብታዩት አይታይም፣ ምክንያቱም ባዶዎቹ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ጥላ መስለዋል። ልጁ አልሰነፈም። ጸሐፊው የሚመክሩትን «ካስፈለገ ገልብጥ» በታማኝነት ፈጽሟል።

አንድ ልጨምር። የነጥብ ቁጥር፣ ለምሳሌ 1.0 ሚሊሜትር ዝናብ፣ በአራት ባይት ሲጻፍ 63፣ 128፣ 0፣ 0 ነው። ተገልብጦ ሲነበብ ከዜሮ ነጥብ በኋላ አርባ ዜሮ ተደርድሮ 46 የሚከተልበት ኢምንት ቁጥር ይሆናል። ሠንጠረዥ ላይ በሁለት ቤት ሲታተም 0.00 ይላል። ዝናብ አልዘነበም፤ ማን ይጠረጥራል?

ሦስተኛው ነጥብ መፍትሔያቸው ነው፤ ማሽኑን ጠይቅ፣ ከፋይሉ የተለየ ከሆነ ገልብጥ። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሰው ላይ ያነጣጠረ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ባይቶች እኔ በየትኛው ማሽን ላይ እንደተቀመጥኩ አያውቁም፣ አያገባቸውምም። ቅደም ተከተሉ የፋይሉ ውል ነው። ውሉ «ከባዱ ይቀድማል» ካለ ኮዱ እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያውን ባይት ውሰድ፣ በ256 አባዛ፣ ሁለተኛውን ደምር። በቃ። ይህች መስመር በኢንቴልም፣ በአርምም፣ በአይቢኤም ዜድም ላይ 2355 ትሰጣለች፣ ማሽኑን ምንም ሳትጠይቅ። ማባዛትና መደመር በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ አንድ ነው። ፕሮግራመሩ ሮብ ፓይክ በ2012 ይህንኑ ነጥብ አንሥቶ፣ የማሽኑን ቅደም ተከተል የሚጠይቅ ኮድ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ስህተት መሆኑን ጽፎ ነበር፤ እኔም ከዚያ በኋላ በራሴ ኮድ ውስጥ ያሉትን «ይህ ማሽን የትኛው ነው» የሚሉ መስመሮች አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ሳወጣቸው ሁለት የተደበቁ ስህተቶች አብረው ወጡ።

የጠያቂነት ልማድ ሌላም ጣጣ አለው። የካርታ ላይብረሪው፣ ማለትም ፋይል የሚያነብልን ዝግጁ ኮድ፣ ፋይሉን ሲከፍት ራሱ አስተካክሎ ያቀርባል፤ ይህን ያላወቀ ፕሮግራመር ማሽኑን ጠይቆ እንደገና ይገለብጣል፤ ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ተመልሶ የተበላሸ ይሆናል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ሦስተኛ መገልበጫ ይጨምርና ይስተካከላል። እንዲህ ያለ ኮድ አይቻለሁ፤ ማንም ለመንካት አይደፍርም ነበር።

ለፍትሕ ያህል፣ እኔ የምደግፈው መንገድም ወጥመድ አለው፤ ልደብቀው አልፈልግም። በጃቫ ባይት ሁልጊዜ ባለምልክት ነው፣ ማለትም ከ127 የሚበልጠው አሉታዊ ተደርጎ ይነበባል፤ በሲ ቋንቋም ተራው ባይት በብዙ ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) ላይ እንዲሁ። 198 የሚለው ባይት −58 ተብሎ ይነበባል። ራስ ዳሸንን 17 በ256 አባዝታችሁ −58 ብትደምሩ 4294 ሜትር ይወጣል፤ በ256 ሜትር ያነሰ፣ ግን ተራራ የሚመስል ተራራ። ስለዚህ ባይቱ ምልክት የሌለው መሆኑን በግልጽ መንገር የግድ ነው። ምልክቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ባይቶች ከተጣመሩ በኋላ ነው።

አራተኛው፣ ዳታን ከሜሞሪ እንዳለ ጻፍ የሚለው፣ ፍጥነትን ይጠቅሳል። ኢንቴል በ1989 ባወጣው 80486 ላይ ባይት የሚገለብጥ አንድ ትእዛዝ ጨምሯል። የዛሬ ኮምፓይለሮች ደግሞ ያችን የማባዛትና የመደመር መስመር አይተው፣ ምን ለማለት እንደተፈለገ ተረድተው፣ ራሳቸው በአንድ ትእዛዝ ይተኳታል። ፋይሉ ከዲስክ እስኪመጣ ፕሮሰሰሩ ይህንን አጠናቅቆ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለ ፍጥነቱ ይህ ይበቃል።

የሜሞሪ ቅጂ ዋናው ጉድ ግን ከባይት ቅደም ተከተልም አልፎ ይሄዳል። በሲ አንድ ባለ አንድ ባይት ፊደልና አንድ ባለ አራት ባይት ቁጥር በአንድ መዝገብ አስቀምጣችሁ ወደ ፋይል ጻፉት፤ አምስት ባይት ትጠብቃላችሁ፣ በተለመዱት ማሽኖች ላይ ስምንት ይጻፋል። ቁጥሩ ምቹ አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ኮምፓይለሩ በመሐል ሦስት ባይት ክፍት ቦታ ተወ፤ በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ይባስ ብሎ በሲ «ረጅም» የተባለው የቁጥር ዓይነት በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ስምንት ባይት ነው፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አራት። እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ አንድ ነው፣ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፣ ምናልባት ላፕቶፑም አንድ ነው፤ ፋይሉ ግን አይነበብም። «ማሽኖች ሁሉ አንድ ሆነዋል» ብለው የጀመሩት ጸሐፊ እዚህ ሲደርሱ የራሳቸውን መሠረት ይንዱታል። በፓይተን የሚሠሩ ወገኖችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ ባይት የሚጠቀልለውን ሞጁል ቅደም ተከተሉን በምልክት ካልነገሩት የማሽኑን ልማድ፣ ክፍት ቦታውንም ጨምሮ ይከተላል።

እንዲህ የተጻፈ መዝገብን በጅምላ መገልበጥም አይቻልም፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ይገለበጣል፣ ስሙ አይገለበጥም። ዩኒክስ ከማሽን ወደ ማሽን መዞር በጀመረበት ዘመን ሁለት ሁለት ባይት በጅምላ ሲገለበጥ የራሱ የዩኒክስ ስም አራቱ የላቲን ፊደላት ተቀያይረው «ኑክሲ» ሆኖ ስለሚወጣ፣ ችግሩ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል።

የፋይሉ ራስ ላይ ምልክት ይኑር የሚለውን አምስተኛ ነጥብ ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። የቲፍ ምስል እንዲህ ይሠራል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች 73 73 ከሆኑ ቀላሉ ይቀድማል፣ 77 77 ከሆኑ ከባዱ። ቀጥሎ 42 የሚል ቁጥር በተባለው ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ አንባቢው 42 ካላገኘ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ብልህ አሠራር ነው። ኤችዲኤፍ 5 የተባለው የሳይንስ ዳታ ፋይልም ለእያንዳንዱ የቁጥር ዓይነት ቅደም ተከተሉን አብሮ ይመዘግባል፣ ይሠራልም፤ የሚሠራው ግን ሁሉም ሰው የሚያነበው በአንድ ላይብረሪ ስለሆነ ነው። እኔና እናንተ ለቢሮአችን የምንፈጥረው ፋይል ያ ዕድል የለውም። ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም ነጻነት ሲሰጠው የሚያነበው ሁለት መንገድ መጻፍ አለበት፣ ከሁለቱም አንዱ ዓመት ሙሉ ሳይፈተሽ ይቀመጣል። ያ ያልተፈተሸ መንገድ የሚጠራበት ቀን ደግሞ ሥራው የሚረከብበት ቀን ነው። ሰን ኩባንያ በ1987 ለሕዝብ ያቀረበው ኤክስዲአር የተባለው ደንብ ምርጫ አልሰጠም፤ ከባዱ ይቀድማል ብሎ ዘጋው። የአየር ንብረት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ኔትሲዲኤፍም በመጀመሪያው ቅርጹ ይህንኑ ይዞ ቆየ። እኔ ዛሬ አዲስ ፋይል ብነድፍ ቀላሉን አስቀዳሚ እመርጣለሁ፣ አብዛኛው ማሽን ስለሚቀናው፤ ሌላው ተቃራኒውን ቢመርጥ አልጣላውም። «ፋይሉን እንደጻፈው ማሽን ልማድ» የሚለውን ብቻ አልቀበልም። የከፍታው ፋይል ምልክት የሚባል ነገር የለውም፤ 1201 በ1201 ነጥብ፣ 2884802 ባይት፣ ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ከፍታ ነው። ቦታው እንኳ የሚታወቀው ከፋይሉ ስም ነው። ግን ቅደም ተከተሉ በሰነድ ተወስኖ አንድ ብቻ ስለሆነ ይህን ያህል ዓመት ዓለም ሁሉ ያነበዋል።

ስድስተኛው፣ ጽሑፍ ነጻ ወጥቷል የሚለው፣ አማርኛ የሚጽፍ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል አሰኝቶኛል። የእኛ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ከ1200 ጀምሮ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩ በባለ 16 ቤት አቆጣጠር ነው። ዩቲኤፍ 16 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይወስዳል፤ ሁለት ባይት ካለ ደግሞ የትኛው ይቅደም የሚለው ጥያቄ አለ። ሁላችንም ያደግንበትን ዓረፍተ ነገር እንሞክረው፦ «አበበ በሶ በላ»።

«በ» ቁጥሯ 1260 ነው፤ ሲገለበጥ 6012 ይሆናል። በዚያ ቁጥር የተቀመጠው የቻይና ፊደል ትርጉሙ «ቁጣ» ነው። ዓረፍተ ነገሩ አራት «በ» ስላለው አራት ጊዜ ይቆጣል። መነሻው «አ» በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሚኖሩ የዪ ሕዝቦች ፊደል ይሆናል፤ «ሶ» ብዙ ቻይናውያንም የማያውቁት እንግዳ ፊደል፤ «ላ» ደግሞ በሕንድ የኦድያ ፊደላት ሰፈር ማንም ያልያዘው ባዶ ቤት ላይ ታርፍና ባዶ ሳጥን ሆና ትታያለች። ከሁሉ የሚገርመው በቃላቱ መሐል ያለው ክፍተት ነው፤ እርሱ ሲገለበጥ ሌላ ዓይነት ክፍተት ይሆናል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ የሚታየው የተዝረከረከ ነገር ሳይሆን፣ ቃላቱ በሥርዓት የተለያዩ የቻይንኛ ጽሑፍ የሚመስል ነገር ነው። «ሰ»ም ብትኖር የጃፓን ፖስታ ቤት ምልክት ትሆን ነበር።

ዩኒኮድ ለዚህ መድኃኒት አዘጋጅቷል፤ የፋይሉ መጀመሪያ ላይ 254 እና 255 የሚሉ ሁለት ባይቶች ይቀመጣሉ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደመጡ አይቶ አንባቢው ይረዳል። ፋይሉ ሲቆራረጥ፣ ሁለት ፋይል ሲቀጣጠል፣ አንድ ዓምድ ብቻ ተወስዶ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ግን ያ ምልክት እንደ ጠፋ እረኛ ነው። እውነተኛው መፍትሔ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ 8 ነው፤ ባይት በባይት ስለሚነበብ ምንም የሚገለበጥ ነገር የለውም። ለአማርኛ በፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ አንድ ባይት ይበልጣል፤ እኔ ያንን ኪራይ በደስታ እከፍላለሁ። ጸሐፊው «ዩኒኮድ» ያሉትን «ዩቲኤፍ 8» ብለው ቢያርሙት በዚህ ነጥብ እንስማማለን። የሠንጠረዥ ፕሮግራማቸው «ዩኒኮድ ጽሑፍ» በሚል ምርጫ ሲያስቀምጥ የሚጽፈው ዩቲኤፍ 16 ሊሆን እንደሚችል ግን ይመልከቱ።

ከዚሁ ጋር፣ ሁሉንም ቁጥር በጽሑፍ አስቀምጦ መገላገል የሚለው የጎን ምክራቸው ለትንሽ ሠንጠረዥ ትክክል ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ለአንድ ሚሊዮን ተኩል የከፍታ ነጥብ ግን ሁለት ባይቱ አምስት ይሆናል፣ ከዚያ በኢትዮጵያ ስፋት ይባዛል።

በመጨረሻ ጸሐፊው ስለዚህ ጉዳይ አሁንም የሚጠይቁ ሰዎች የድሮ ማሽን ናፋቂዎች ናቸው ብለው ሸንቆጥ አድርገውናል። ናፍቆት የለብኝም፤ ፒዲፒ 11 በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልጠይቃቸው። የሰሜን 13 ዲግሪ፣ ምሥራቅ 38 ዲግሪን የከፍታ ፋይል ያውርዱ፤ ራስ ዳሸን ያለበት ነው። ጽሑፋቸው እንደሚለው ማሽኖች ሁሉ አንድ ሆነዋል ብለው፣ ምንም ሳይገለብጡ፣ በላፕቶፓቸው ልማድ ያንብቡትና ኮዳቸው ከፍተኛውን ነጥብ እንዲያወጣላቸው ያድርጉ። 4550 አካባቢ ካወጣ ይህን ሁሉ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ሠላሳ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ምናምን ካለ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ለዚያ ወጣት ባልደረባዬ ይላኩለት፤ ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።